አንድ ቦሎቄ ለሂርና

ሂርናን የሚያውቃት ሰው ብዙ ነው፤ የወረደባት ግን ጥቂት። በጭሮ በኩል ሐረር የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ ከተማችንን መሀል ለመሀል ሰንጥቋት ያልፋል። አውቶብሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ መስኮት ይከፈታል፣ ጫት በፌስታል ይገባል፣ ብር ይወጣል፣ መስኮት ይዘጋል። አለቀ። መንገደኛው ስለ ሂርና የሚይዘው ትዝታ አንድ የተዘረጋ እጅ ነው። እኛን ከመስኮቱ ውስጥ ሆኖ አይቶናል። እኛ እሱን በደንብ አላየነውም። እሱም ራሱን አላየም።

ዛሬ የማነሳው ሀሳብ ለአንዳንዶቻችሁ ቅንጦት ይመስላችሁ ይሆናል። ቢሆንም እስቲ ታገሱኝ። ሂርና ዋናው መንገድ ዳር ሐውልት እንዲቆምላት እፈልጋለሁ። የማንም ሰው ሐውልት ግን አይደለም። ፈረስም፣ ጎራዴም፣ ስምም የለው። ከማይዝግ ብረት (ስቴንለስ ስቲል ከምንለው) የተሠራ፣ እንደ መስታወት እስኪያበራ የተወለወለ፣ ፊቱ የቆመውን ሁሉ መልሶ የሚያሳይ ነገር።

«የሰው ሐውልት ምን አደረገሽ?» ለምትሉኝ መንገዱን አብረን እንሂደው። ከምዕራብ ስንነሳ ጭሮ አለች። የቀድሞው ትውልድ ጭሮን የሚያውቃት አሰበ ተፈሪ ብሎ ነው። የጨርጨር ገዢ የነበሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከተማዋን ሲያቋቁሙ ስሟ ከራስ ተፈሪ ስም ጋር ተያይዞ ወጣ። (በነገራችን ላይ እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. የ1931ዱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔትም የጻፉ ናቸው። ተውኔቱ በእንስሳት እያስመሰለ የዘመኑን ሹማምንት ገመና ያሳይ ስለነበር ታገደ። አገራችን ውስጥ መስታወት ይዞ የሚዞር ሰው ድሮም አይወደድም።)

ከጭሮ ወደ ምሥራቅ ሄደን ሂርናን ስናልፍ ጨለንቆ እንደርሳለን። እ.ኤ.አ. በጥር 1887 የምኒልክ ጦር የሐረሩን አሚር የአብዱላሂን ጦር ያሸነፈው እዚህ ነው። በዚያ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ትንሽ አለፍ ሲሉ ቁልቢ አለች። የቁልቢ ገብርኤልን ያሠሩት ራስ መኰንን ናቸው፤ ከጨለንቆ በኋላ ሐረርን እንዲገዙ የተሾሙት፣ የተፈሪ አባት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ የቁልቢ ተሳላሚ ያን ሁሉ መኪና ሞልቶ በሂርና በኩል ያልፋል። መንገዱ ሐረር ሲደርስ ደግሞ ራስ መኰንን ራሳቸው በፈረስ ላይ ሆነው ይጠብቁን ነበር። «ነበር» ያልኩት በምክንያት ነው። በሰኔ 2012 መጨረሻ፣ የሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በቀሰቀሰው ቁጣ፣ ሐውልቱ ተገነደሰ። በዚያው ሰሞን ለንደን፣ ዊምብልደን ውስጥ አንድ መናፈሻ ላይ የነበረው የልጃቸው የኃይለ ሥላሴ ምስልም ተሰባበረ።

አስቡት እንግዲህ። አንድ መንገድ፣ አንድ ጦርነት፣ አንድ አባትና አንድ ልጅ። ተሳላሚው ቁልቢ ደርሶ እልል ይላል፤ ሌላው ጨለንቆ ቆሞ አያቶቹን ያስባል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም በአንድ አውቶብስ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው የመጡት። እኔ ይሄ መታሰቢያ ይቁም፣ ያኛው ይፍረስ የምል ሰው አይደለሁም። ሙት ያለበት ሰው የሚያለቅስበት ቦታ ይገባዋል፤ የሚሳለም ሰውም የሚሳለምበት። የምለው ሌላ ነው። እነዚህ ሁሉ ከመኪና ሳትወርድ ምን ሊሰማህ እንደሚገባ ይነግሩሃል። አንዱ «ኩራ»፣ አንዱ «አልቅስ»፣ አንዱ «ተቆጣ»። ነገ ሂርና ላይ ሐውልት ይቁም ቢባል ከኮሚቴው በፊት ጠቡ ነው የሚቋቋመው። የማን? በየትኛው ቋንቋ ተጽፎበት? ፊቱን ወዴት አዙሮ?

እንግዲህ ወደ ቦሎቄው ልምጣ።

አሜሪካ ውስጥ ቺካጎ የምትባለው ከተማ መሀል ሚሌኒየም ፓርክ የሚሉት መናፈሻ አለ። እዚያ የቆመው ቅርጽ በሕንድ አገር፣ ቦምቤይ ተወልዶ እንግሊዝ የኖረው ቀራጺ አኒሽ ካፑር ሥራ ነው። እሱ ያወጣለት ስም «ክላውድ ጌት» ነው፤ የደመና በር እንደማለት። የከተማው ሰው ግን ቅርጹን አየና «ዘ ቢን» ብሎ ጠራው። መዝገበ ቃላት ብታገላብጡ ባቄላ ሊላችሁ ይችላል፤ እኔ ግን የሐረርጌ ልጅ ነኝና ያ ቅርጽ ባቄላ እንዳልሆነ ካንድ ኪሎ ሜትር እለየዋለሁ። ጥርት ያለ ቦሎቄ ነው! ማሽላ መሀል የምንዘራው፣ ወገቡ ጎበጥ፣ ሆዱ ጎድጎድ ያለው። ካፑር ስሙን መጀመሪያ አልወደደውም ይባላል። ምን ያድርግ? ሕዝብ ያወጣው ስም ይለጠፋል።

ቦሎቄው 10 ሜትር ከፍታ፣ 20 ሜትር ርዝመትና 13 ሜትር ስፋት አለው። ክብደቱ 100 ቶን ያህል ነው፤ አንድ ኢሱዙ 5 ቶን ይጭናል ብንል የ20 ኢሱዙ ጭነት መሆኑ ነው። ውስጡ ግን ድፍን አይደለም። የብረት ቀለበቶችና ማገሮች አሉት፤ የላዩ ቆዳ ከእነሱ ጋር የተያያዘው ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቅበት እንዲለጠጥና እንዲሰበሰብ ተደርጎ ነው። ቺካጎ በክረምት በረዶ፣ በበጋ እሳት ስለሆነች ድርቅ ብሎ ቢታሰር ይሰነጠቅ ነበር። ቆዳው 168 የላሜራ ቁራጮች ነው፤ እያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ኖሮት ለየራሱ ቦታ ተለክቶ የጎበጠ። ቁራጮቹ ካሊፎርኒያ ተሠርተው መጥተው እዚያው መናፈሻው ውስጥ ተገጣጠሙ።

አንድ የሰፈራችን ሰው አሉ፤ በርና መስኮት በመሥራት የሚተዳደሩ በያጅ። ፎቶውን በስልኬ አሳየኋቸው። ሌላ ሰው ባሳይ ውበቱን ያደንቃል ወይም ዋጋውን ይጠይቃል። እሳቸው ስልኩን ተቀብለው፣ በሁለት ጣት እያሰፉ፣ ከዳር እስከ ዳር መረመሩትና፣

«አቦ፣ ብየዳው የታለ?» አሉኝ።

«የለም ጋሼ፣ አይታይም።»

«ወላሂ ልጄ፣ ብየዳ የሌለው የብረት ሥራ የለም። ደብቀውት ነው።»

ልክ ናቸው። ደብቀውት ነው። የሥራው ግማሽ ይህ መደበቅ ነበር ማለት ይቻላል። ከ700 ሜትር በላይ የሚሆን የብየዳ መስመር በመጀመሪያ በሻካራ መፋቂያ ተፋቀ፣ ቀጥሎ ቅርጹ ተስተካከለ፣ ከዚያ በለሰለሰ፣ ከዚያ ይበልጥ በለሰለሰ፣ በመጨረሻም በመወልወያ ታሸ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2004 መናፈሻው ሲከፈት ቦሎቄው ገና ስፌቱ ያልጠፋ ነበር፤ ሕዝቡ እንዲያየው ተደረገና ተመልሶ ድንኳን ተጣለበት። በይፋ የተመረቀው በግንቦት 2006 ነው። አስቀድሞ 6 ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል የተባለው 23 ሚሊዮን ፈጀ። ገንዘቡ ከግለሰቦችና ከድርጅቶች በመዋጮ የመጣ ነው። ይህን ስነግራቸው በያጁ ሳቁ። የእሳቸውም ደንበኞች ዋጋ ሲጨምር አይወዱም።

አሁን ነገሩ ምን እንደሚሠራ እንይ። ሌላ ሐውልት አካባቢውን ዳራው ያደርጋል፤ ሰማዩም ዛፉም ህንፃውም የሱ ጀርባ ናቸው። ቦሎቄው ግን የራሱ የሚባል ገጽታ የለውም። ያለው ሁሉ የጎረቤቱ ነው። ከላይ ሰማይና ደመና፣ ወገቡ ላይ የከተማው ፎቆች ጎብጠው ተደርድረው፣ ከታች ደግሞ ሰዎች። ጠዋት ሌላ፣ ማታ ሌላ ነው። ዝናብ ሲመጣ ይጠቁራል፤ በረዶ ሲወርድ ይነጣል። ከሩቅ የምታየው ከተማውን ነው። ስትቀርብ ከከተማው መሀል አንዲት ነጥብ መንቀሳቀስ ትጀምራለች። እሷ ነጥብ አንተ ነህ።

ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በእጃችን ያለ ነገርም ያስረዳዋል። የማንኪያን ጀርባ ብታዩ ፊታችሁ አንሶ የቤቱ ውስጥ ሁሉ ተጠቅልሎ ይገባል። የሲኖትራክ ስፖኪዮም እንደዚያው ነው፤ ወደ ውጭ የጎበጠ መስታወት ነገሮችን ያሳንሳል፣ ብዙ ነገር ግን ያሳያል። ሹፌር ከኋላው የሚመጣውን ሁሉ በዚያች ትንሽ መስታወት የሚቆጣጠረው በዚህ ነው። ቦሎቄው ትልቅ ስፖኪዮ ነው። ከሆዱ ስር ሲገባ ግን ጠባዩ ይለወጣል። 3 ሜትር ተኩል የሚያልፍ ቅስት አለው፤ በስሩ ገብተህ ቀና ስትል ብረቱ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ከመሬት 8 ሜትር ያህል ይርቃል። ይህን ቦታ እንብርት ይሉታል። እዚያ ውስጥ ሰው ይባዛል፣ ይገለበጣል፣ ይለጠጣል። እግርህ ከማታውቀው ሰው እግር ጋር ይቀላቀላል። ሰዎች እዚያ ቆመው የሚስቁት ቀልድ ስለሰሙ አይደለም፤ ራሳቸውን ከማያውቁት ሰው ለይተው ለማግኘት ሲታገሉ ነው።

ሂርና የምትፈልገው ይቺን ትግል ነው እላለሁ እኔ። መንገደኛው በመስኮት ሲያየን «እነሱ» ነን። እኛም የሚያልፈውን «እነሱ» እንላለን። አንድ የሚያንጸባርቅ ብረት መንገድ ዳር ቢቆም አውቶብሱ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ጫት የያዘችውን ልጅና ራሱን በአንድ ምስል ውስጥ ያያል። ቁልቢ የሚሄደው ነጭ ለባሽ፣ ከጁምዓ ሰላት የሚወጣው ነጭ ለባሽ፣ ባጃጁ፣ አህያው፣ ቆርቆሮ ጣሪያው፣ ከበስተጀርባ የጨርጨር ተራራ… ሁሉም በአንድ ጎባጣ ላሜራ ላይ። ማንም ማንንም ሳይጋብዝ።

ስለ መስታወት ሳወራ አዲስ አበባ ትዝ አለችኝና ልለፋት አልችልም። «መስታወትማ አዲስ አበባ ሞልቷል» የሚለኝ አይጠፋምና። እውነት ነው፤ ከተማዋ ባለፉት ዓመታት የመስታወት ፎቅ አጎንቁላለች። ከሁሉ የሚረዝመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር በላይ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2022 ተመርቋል። እነዚህም ሰማይን ያንጸባርቃሉ። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። የፎቅ መስታወት የተሠራው ውስጥ ያለው እንዲያይህ፣ አንተ ግን እንዳታየው ነው። ፀጉርህን ልታስተካክልበት ትችላለህ፤ ከዚያ በላይ ግንኙነት የላችሁም። ተማሪ ሳለሁ ለአንድ የክፍል ሥራ ከእንደዚህ ዓይነት ህንፃ ፊት ቆሜ በመስታወቱ ላይ የሚታየውን የእግረኛ ሰልፍ ፎቶ ላነሳ ስል ጥበቃው መጥቶ ካሜራዬን በእጁ ሸፈነው። «ህንፃውን አይደለም የማነሳው፣ ሰዎቹን ነው» አልኩት። «ሰዎቹ ያሉት ህንፃው ላይ ነው» አለኝ። እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም። ፍልስፍና ያጠና ጥበቃ ነበር መሰለኝ።

ደግሞ ቺካጎ ገነት ናት እንዳይመስላችሁ። እዚያም እ.ኤ.አ. በ2005 ጥበቃዎች ፎቶ አንሺዎችን «ፈቃድ አላችሁ?» እያሉ ማስቆማቸው ትልቅ ጭቅጭቅ አስነስቶ ነበር። የሕዝብ መናፈሻ፣ የሕዝብ ፊት፣ የቅርጹ የቅጂ መብት ግን የካፑር። ካፑር በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የጠመንጃ ባለቤቶች ማኅበር የቦሎቄውን ምስል ለቪዲዮ ቅስቀሳ ተጠቅሞበታል ብሎ ከሰሰ፤ ማኅበሩም ምስሉን አወጣው። በዚህኛው ልቤ ከካፑር ጋር ነው። ነገር ግን ጥያቄው ይቀራል። ብረቱ የአንድ ሰው ከሆነ፣ ብረቱ ላይ ያለው ፊቴ የማን ነው? ሂርና ላይ ይህ ነገር ከተሠራ ከመጀመሪያው በጽሑፍ መቀመጥ ያለበት አንድ ነገር ቢኖር ማንም ሰው በማንኛውም ካሜራ፣ ያለ ማንም ፈቃድ ያነሳዋል የሚል ነው። አጥርም አይኑረው። አጥር የገባበት መስታወት የሚያሳየው አጥሩን ነው።

የሚያንጸባርቅ ብረት ጎረቤቱንም ሊጎዳ እንደሚችል አውቃለሁ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተው የዲዝኒ የሙዚቃ አዳራሽ፣ ፍራንክ ጌሪ የነደፈው፣ ከላዩ የብረት ገጾች ከፊሉ እንደ መስታወት የተወለወሉና ወደ ውስጥ የጎደጎዱ ነበሩ። ፀሐይን እየሰበሰቡ ፊት ለፊት ያለው መኖሪያ ቤት ላይ ለቀቁት። ሰዎች ቤታቸው ውስጥ ተቃጠሉ፣ የእግረኛው መንገድ ጋለ። መጨረሻ ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 ያን ሁሉ ያማረ ገጽ ፍቀው አደበዘዙት። ለንደን ውስጥም በ2013 አንድ ጎድጓዳ የመስታወት ፎቅ የቆመ መኪና ፕላስቲክ አቀለጠ። ይህን ለጫት ነጋዴ ብትነግሩት ሐውልቱን በዚያው ቀን ይነቅለዋል፤ በቅጠል ጠቅልሎ፣ ውኃ ረጭቶ፣ ከፀሐይ ሸሽጎ ያቆየውን ጫት በሰማይ መስታወት ልታጠወልጉበት ነውና። ግን አይሰጋ። ወደ ውጭ የጎበጠ ብረት ብርሃን ይበትናል እንጂ አይሰበስብም። የቦሎቄው ጎድጓዳ ገጽ ደግሞ ወደ መሬት የዞረ ነው፤ ፀሐይን ፊት ለፊት አያያትም። ጉዳዩ የቅርጽ ነው፤ ከዕቃው አይደለም። ሹፌር ዓይን ላይ እንዳያበራ ግን የጠዋትና የማታ ፀሐይ ከየት እንደምትመጣ ቀድሞ መለካት የግድ ነው። መንገዱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ይህ ቀልድ አይደለም።

አሁን ትልቁ ተቃውሞ። «ሴትዮ፣ ሰው ውኃ ይፈልጋል፣ መብራት ይፈልጋል፣ አንቺ መስታወት ትያለሽ?» ይሄንን ከሌላ ሰው በፊት እናቴ ናት ያለችኝ። ውኃ ይቅደም። ይህን በክርክር አላበላሸውም። ነገር ግን ከተሞቻችን ለአደባባይ ገንዘብ አያወጡም እንዴ? ያወጣሉ። የሲሚንቶ ጀበና ይሠራል፣ ከጀበናው አጠገብ የሲሚንቶ ሲኒ፣ በሁለተኛው ዓመት ቀለሙ ይላጣል፣ በሦስተኛው የሲኒው እጀታ ይረግፋል። ወጪው ወጪ ነው። ክርክሬ ለአደባባይ ተብሎ የሚወጣው ገንዘብ ምን ይዞ ይምጣ የሚል ነው እንጂ ከቧንቧ ላይ ቀንሱ አይደለም።

ደግሞም የቺካጎውን ያህል ማን ጠየቀ? 23 ሚሊዮን ዶላር እንኳን ለሂርና ለዞኑም ይከብዳል። የኔ ቦሎቄ ሰው የሚያህል፣ ቢበዛ ከሰው ትንሽ የሚበልጥ ይሁን። 2 ሜትር። የነደፈው ከአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ቢሆን፣ የበየዱት ደግሞ የጭሮና የሂርና በያጆች ቢሆኑ ደስ ይለኛል። በያጄን ጠይቄያቸዋለሁ። መጉበጡ ያስቸግራል አሉ፤ እዚህ ያለው መሣሪያ ላሜራን ባንድ በኩል እንጂ በሁለት በኩል አያጎብጥም። «እንደ ድስት ክዳን እየቀጠቀጥን ነው የምናወጣው፤ ትንሽ ትንሽ ጉድጓድ ይቀርበታል» አሉ። ይቅርበት! እንዲያውም ትንሽ ጉድጓድ ያለበት መስታወት ለከተማችን ሐቀኛ ነው። ፊታችን ለስላሳ ሆኖ አያውቅም።

አሁን የሚያሳስበኝ ከመሠራቱ ይልቅ ከተሠራ በኋላ ያለው ነው። ስለ ቺካጎው ቦሎቄ ካነበብኩት ሁሉ ልቤን የያዘው ክብደቱም ዋጋውም አይደለም። የታችኛው ገጹ፣ የሰው እጅ የሚደርስበት 2 ሜትር ያህል፣ በቀን ሁለት ጊዜ በእጅ ይወለወላል። በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ 150 ሊትር በሚሆን ፈሳሽ ሳሙና (እኛ ላርጎ በምንለው) ሙሉው ይታጠባል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ሕዝቡ ስለሚነካው ነው። እንዳይነካ አልከለከሉትም፤ ማጠብን መረጡ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 ወጣቶች በሌሊት ስማቸውን በቀለም ረጭተውበት ነበር፤ ያም ታጥቦ ጠፋ። ከነሐሴ 2023 እስከ ሰኔ 2024 ድረስ ደግሞ ዙሪያው ሊታደስ ታጥሮ ነበር፤ ያን ሁሉ ጊዜ ሰው መቅረብ ስላልቻለ ቱሪስቱ ከአጥር ውጭ በርቀት እየተንጠራራ ያነሳው ነበር። ከሩቅ ሲታይ ያው ቦሎቄ ነው፤ ነጥቧ ግን የለችበትም።

እኛ ጋ መሥራት ላይ ጎበዞች ነን፤ ሪባን መቁረጥ ላይማ አንታማም። መወልወል ላይ ግን… ኧረ ተዉኝ። ሂርና አቧራ አላት፤ የሲኖትራክ ጭስ አላት፤ የስብሰባ ማስታወቂያ ለጥፎ ማስቲሹን ጥሎ የሚሄድ ካድሬ አላት፤ የተፋ ጫት አላት። የማይወለወል መስታወት በሦስት ወር ውስጥ ከሲሚንቶ ጀበናው የባሰ ይሆናል፤ ጀበናው ቢያንስ ቆሽሾም ጀበና ነው፤ የቆሸሸ መስታወት ግን ምንም አይደለም። ስለዚህ በበጀቱ ወረቀት ላይ የመጀመሪያው መስመር የላሜራ ዋጋ ሳይሆን የወልዋዩ ደመወዝ መሆን አለበት። ቋሚ ቅጥር፣ በየወሩ የሚከፈል፣ የጡረታ መዋጮ ያለው። የክረምት በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ዘመቻ ብላችሁ እንዳትመጡብኝ። ዘመቻ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል።

ቦታውንም አስቤበታለሁ። አደባባይ መሀል አይሁን፤ እዚያ የሚያየው መኪና ብቻ ነው፣ ሕፃን ልጅ ደግሞ ሊያየው ሲሮጥ ይገጫል። አስፋልቱ ዳር፣ አውቶብስ ፍጥነት የሚቀንስበት፣ ጫትና ሙዝ ከሚሸጡት ሴቶች ትንሽ ራቅ ብሎ፤ እነሱ በመስታወቱ ይታዩ እንጂ በሱ ምክንያት ከቦታቸው አይነሱ። ይህን አጥብቄ የምለው «ለሐውልቱ ጽዳት» ተብሎ መጀመሪያ የሚባረሩት እነሱ እንደሚሆኑ ስለማውቅ ነው። መቀመጫ ድንጋይ አይኑረው፤ እግሩ መሬት ይንካ። የአምስት ዓመት ልጅ ምላሱን አውጥቶ የሚያይበት ቁመት ላይ ይጀምር። የምረቃ ሰሌዳ ይለጠፍ የሚሉ ከሆነ ደግሞ ከጀርባው ይሁን… ለካ ጀርባ የለውም። እንግዲያው መሬት ላይ ይጻፉት፤ ሰው እየረገጠው ይለፍ።

ሐሙስ ዕለት በያጁ ጋ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ከአንድ የተጣለ የማይዝግ ብረት ትሪ ቁራጭ ላይ እየሞከሩ አገኘኋቸው። የእጅ መዳፍ የምታህል ሆና ወልውለዋታል። የበሩን ብርሃን፣ የኔን ሻርፕና መንገድ ላይ የቆመውን ባጃጅ አየሁባት። ብየዳው አሁንም ትንሽ ይታያል። «አንድ ሳምንት ስጪኝ» ብለዋል።